እንቁራሪት ስትሳሳት

ልብ ደም ይረጫል፤ ድው ድው የሚል ድምፅም ያሰማል። ሐኪም ግን ተግባሩ የሚለው መርጨቱን ብቻ ነው። ድምፁ ለምርመራ ቢጠቅምም አብሮ የመጣ ትርፍ ነገር ነው። ፈላስፋው ላሪ ራይት እ.ኤ.አ. በ1973 ልዩነቱን ሲያስረዳ፣ የአንድ አካል ተግባር ማለት ያ አካል እንዲኖር ምክንያት የሆነው ሥራ ነው አለ። ዛሬ ልብ ያለን የቀደሙት ልቦች ደም በመርጨታቸው ባለቤቶቻቸውን ስላኖሩ ነው።

የአእምሮ ፈላስፎች በዚህ ሐሳብ የተሳቡት ስህተትን ለማስረዳት ሲቸገሩ ነው። ሐሳብ የሚያመለክተው የቀሰቀሰውን ነገር ሁሉ ቢሆን ኖሮ ማንም ሊሳሳት አይችልም ነበር። በጨለማ በቅሎ አይቶ «ፈረስ ነው» ያለ ሰው፣ ሐሳቡ «ፈረስ ወይም በጨለማ የታየ በቅሎ» ማለት ይሆንና ልክ ነህ ይባላል። ይህ ደግሞ የማይረባ ውጤት ነው። ተግባር ግን ሳይፈጸም ሊቀር ስለሚችል ለስህተት ቦታ ይተዋል።

እንቁራሪት ለዚህ ክርክር የተመረጠችው በምክንያት ነው። ጀሮም ሌትቪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳሳዩት፣ ከዓይኗ ወደ አንጎሏ ከሚሄዱት የነርቭ ክሮች አንዳንዶቹ ትንሽ፣ ጥቁርና ተንቀሳቃሽ ነገር ሲያዩ ይነቃሉ። ዝንብ ውልብ ስትል እንቁራሪቷ ምላሷን ትወረውራለች፤ በዝንብ ፈንታ ጥቁር ቅንጣት ቢያልፍም እንዲሁ። ሩት ሚሊካን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ በጀመረችው መንገድ ከተሄደ፣ የእንቁራሪቷን ዘር ያቆየው ምግብ እንጂ ጥቁርነት ስላልሆነ ምልክቱ የሚለው «ምግብ» ነው፤ ቅንጣቱን የዋጠችው ተሳስታለች። ካረን ኒያንደር ግን አልተቀበለችውም። በኒያንደር አመለካከት የእንቁራሪቷ ዓይን እንዲያይ የተሠራለትን በትክክል አይቷል፤ ጉድለቱ ያለው ቅንጣቱ ምግብ አለመሆኑ ላይ ነው።

ተግባርን ካለፈ ታሪክ በሚያገኘው በዚህ ንድፈ ሐሳብ ላይ ከባዱ ተቃውሞ የመጣው ከዶናልድ ዴቪድሰን ምናባዊ ታሪክ ነው (1987)። መብረቅ ረግረግ ውስጥ ያለ የሞተ ዛፍ መትቶ፣ በአጋጣሚ ከዴቪድሰን ቅንጣት ታክል የማይለይ ሰው ይፈጠራል። ያለፈ ታሪክ ስለሌለው ልቡም አእምሮውም ተግባር የላቸውም፤ እንደ ንድፈ ሐሳቡ ከሆነ አያስብም ማለት ነው። ሚሊካን ይህን ሳትሸሽ ተቀብላለች፤ ብዙዎች ግን እዚህ ላይ ከእሷ ይለያሉ።

ሮበርት ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1975 ያቀረበው አማራጭ ታሪክ አይጠይቅም፤ ተግባር ማለት አንድ ክፍል ለሥርዓቱ ችሎታ የሚያበረክተው ድርሻ ነው። ረግረግ የወለደውን ሰው ያድነዋል። ነገር ግን መርጨት ያቃተው የታመመ ልብ ድርሻውን አያበረክትም፤ ታዲያ ከምን ጎደለ ይባላል? ጉድለትን ማስረዳት የሚቀለው በታሪክ በኩል ነው፤ ለአእምሮ ደግሞ ጉድለት ዋናው ጥያቄ ነው። ጀሮም ዌክፊልድ እ.ኤ.አ. በ1992 የአእምሮ ሕመምን ሲተረጉም ጉዳት ብቻውን አይበቃም፣ አንድ የአእምሮ ክፍል ተፈጥሮ የመረጠችለትን ሥራ መሥራት ማቆም አለበት ያለው በዚሁ ምክንያት ነው።