ስለ አትክልትና ስለ ፍራፍሬ ማድረቅ

ገበሬ ሁለት ጊዜ ይደክማል፤ አንድ ጊዜ ለማብቀል፣ ሁለተኛም ያበቀለውን ለመጠበቅ፡፡ የመጀመሪያው ድካም በሹማምንት ዘንድ ይታያል፤ ስለዚሁም ምርጥ ዘር ይታደላል፣ ማዳበሪያ ይቀርባል፣ ውሃ የሚስብ ሞተር ይገዛል፡፡ ሁለተኛው ድካም ግን ብዙ ጊዜ ተመልካች የለውም፡፡ ከማሳ የተለቀመው ቲማቲም ምን ያህል ኩንታል እንደ ሆነ ይመዘገባል፤ ከዚያው ውስጥ ገበያ ሳይደርስ የበሰበሰው ምን ያህል እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፡፡ ጥፋቱ ያልተቈጠረ ነገር መድኃኒት ስለማይፈለግለት፣ አትክልትና ፍራፍሬን በቤት ስለ ማድረቅ ማሰብ ዛሬ ተገቢ ይሆናል፡፡

ለነገሩ ምሳሌ የምትሆን አገር ተጂ ናት፡፡ ተጂ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ፣ ከሰበታና ከተፍኪ ቀጥላ በበቾ ሜዳ ላይ ትገኛለች፡፡ የሜዳው ጥቁር ዐፈር በጤፍ፣ በሽንብራና በጓያ የታወቀ ነው፡፡ በበጋ ደግሞ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ ያሉ ገበሬዎች ውሃ እየሳቡ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጎመንና ድንች ያለማሉ፡፡ ነገር ግን ጎረቤታሞች በአንድ ወቅት ስለሚተክሉ፣ ምርታቸው በአንድ ወቅት ይደርሳል፡፡ በዚያን ጊዜ ገበያው ይጠግባል፤ ዋጋውም ይወድቃል፡፡ ጤፍ ያመረተ ሰው ዋጋው ባይስማማው እህሉን በጎተራው አግብቶ ይጠብቃል፡፡ ቲማቲም ያመረተ ሰው ግን ጎተራ የለውምና፣ ነጋዴው በጠራው ዋጋ ይሸጣል፤ አለዚያም ለከብት ይሰጣል፡፡ ክረምት ገብቶ አዋሽ ሲሞላና ሜዳው ውሃ ሲተኛበት፣ ያው ገበሬ ለወጡ የሚሆነውን ሽንኩርትና ቲማቲም በውድ ዋጋ ከገበያ ይገዛል፡፡ በርካሽ ሸጦ በውድ ከመግዛት የከፋ ንግድ የለም፡፡ እንግዲህ ማድረቅ ማለት ጎተራ ለሌለው ምርት ጎተራ መሥራት ማለት ነው፡፡

ይህ ጉዳት የተጂ ብቻ አይደለም፡፡ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ በዓለም ለሰው ምግብ ከሚመረተው አንድ ሦስተኛ ያህሉ እንደሚባክን ገልጿል፤ ይኸውም በዓመት 1.3 ቢሊዮን ቶን ያህል ነው፡፡ ከሁሉም ይልቅ ቶሎ ከሚበላሹት መካከል አትክልትና ፍራፍሬ ይገኛሉ፡፡

ማድረቅ ለኢትዮጵያ ባዕድ ጥበብ አይደለም፡፡ በርበሬ ደርቆ ይከርማል፤ ሥጋ ቋንጣ ሆኖ ይሰቀላል፤ እንጀራ ድርቆሽ ሆኖ ለመንገደኛ ስንቅ ይሆናል፤ ብቅልም በፀሐይ ይሰጣል፡፡ በጎረቤት አገር በሱዳን ባሚያ ደርቆና ተፈጭቶ ለወጥ ይሆናል፤ በግብፅም በሉክሶር አጠገብ ቲማቲም በሰፊ ሜዳ ላይ በፀሐይ ደርቆ ወደ ውጭ አገር ይሸጣል፡፡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ብዙ የደረቀ ድንችና ሽንኩርት ለጦር ሠራዊት ስንቅ ሆኖ ነበር፡፡ በርበሬን ማድረቅ የለመደች ባልትና አዋቂ፣ ቲማቲምን ማድረቅ የማትችልበት ምክንያት የለም፤ የሚያስፈልገው ያንኑ ልማድ በዕውቀት ማሻሻል ነው፡፡

የነገሩ ምስጢር ውሃ ነው፡፡ አትክልትን የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ነፍሳትና ሻጋታ ያለ ውሃ ሊራቡ አይችሉም፡፡ ቲማቲም ከመቶ 94 ያህሉ፣ ሽንኩርት ከመቶ 88 ያህሉ ውሃ ነው፡፡ ስለዚህ 100 ኪሎ ቲማቲም በደንብ ሲደርቅ 7 ኪሎ ያህል፣ 100 ኪሎ ሽንኩርት ደግሞ 13 ኪሎ ያህል ይሆናል፡፡ የቀረው ሁሉ ገበሬው በአህያና በመኪና ኪራይ እየከፈለ የሚያጓጉዘው ውሃ ነው፡፡

ማድረቂያው ሁለት ዓይነት ነው፡፡ አንደኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሣጥን ሲሆን፣ በውስጡ ማሞቂያ፣ አየር የሚያናፍስ ማራገቢያና የተደራረቡ ወንፊቶች አሉበት፡፡ ይህ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ላሉ፣ መብራት ላላቸው ቤቶች ይስማማል፡፡ ነገር ግን 500 ዋት የሚፈጅ መሣሪያ 10 ሰዓት ቢሠራ እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ስለሚወስድ፣ መብራትም በመካከል ቢቋረጥ ሥራው ስለሚበላሽ፣ ለገጠር ቤት የሚመከረው ሁለተኛው ነው፡፡ እርሱም የፀሐይ ሣጥን ነው፡፡ ከእንጨት ይሠራል፤ ፊቱ ብርሃን በሚያስገባ ላስቲክ ወይም በመስተዋት ይሸፈናል፤ ከበታቹ ጥቁር ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ይነጠፋል፡፡ ከታች አየር የሚገባበት፣ ከላይም እርጥብ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ይበጅለታል፤ ሁለቱም ዝንብ በማያስገባ ወንፊት ይጋረዳሉ፡፡ አገሩ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም፣ የበጋው ፀሐይ ብርቱ፣ ነፋሱም ደረቅ ነውና ሣጥኑ ሥራውን ይሠራል፡፡ ይህንንም የሠፈር አናጢ ሊሠራው ይችላል፡፡

አሠራሩም እንዲህ ነው፡፡ ያልበሰበሰና ያልተቀጠቀጠ ምርት ተመርጦ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር በሚሆን ውፍረት እኩል ይቈረጣል፡፡ ካሮትና ጎመን አስቀድሞ ለጥቂት ደቂቃ በፈላ ውሃ ይነከራሉ፤ ይህም መልካቸውንና ጣዕማቸውን ይጠብቃል፡፡ ሽንኩርትና ቲማቲም ግን ይህ አያስፈልጋቸውም፡፡ ከሞቃት አገር የሚመጡት ሙዝና ማንጎ እንዳይጠቍሩ የሎሚ ጭማቂ ባለበት ውሃ ይነከራሉ፡፡ የኤሌክትሪኩ ሣጥን ሙቀት ለአትክልት 52፣ ለፍራፍሬ 57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ቢሆን ይበቃል፡፡ ቶሎ ይደርቅ ብሎ ሙቀቱን ከልክ በላይ የሚያበዛ ሰው ይሳሳታል፤ ቅርፊቱ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራልና፡፡ አትክልት ሲደርቅ ተሰባሪ፣ ፍራፍሬ ግን እንደ ቆዳ የሚተጣጠፍ ይሆናል፡፡ ከዚያ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ ተከቶ፣ ብርሃን በሌለበት ቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጣል፡፡

በዚህ ነገር ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ እርሱም ሊናቅ አይገባውም፡፡ አንዳንዶች የደረቀ አትክልት ጣዕምና ኃይል የለውም ይላሉ፡፡ ከቪታሚኖች አንዳንዶቹ፣ ይልቁንም ቪታሚን ሲ፣ በመድረቅ እንደሚቀንሱ እውነት ነው፡፡ ነገር ግን የደረቀው ቲማቲም የሚነጻጸረው ከትኩሱ ጋር ሳይሆን፣ በስብሶ ከተጣለው ጋር ነው፡፡ ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፡፡ በደንብ ያልደረቀ ምርት ይሻግታል፤ በበርበሬ ላይ እንደሚታወቀው ሁሉ፣ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ከሻጋታ ሊወጣ ይችላል፡፡ ይህ መርዝ በዓይን አይታይም፤ በማብሰልም ተሟጥጦ አይጠፋም፡፡ እንዲሁም በአስፋልት ዳር ማስጣት አቧራና የመኪና ጭስ ያስበላል፡፡ ስለዚህ ንጽሕና ካልተጠበቀ ማድረቁ ጥቅም መሆኑ ይቀርና ጉዳት ይሆናል፡፡

እንግዲህ ከወረዳ ሹማምንትና ሰፊ ይዞታ ካላቸው ባለ እርሻዎች የሚጠበቀው ምንድር ነው? የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ፣ ጭሰኛውን በትእዛዝ የሚያሠራ ባለ ርስት የለም፡፡ የዛሬ ገበሬ ዓይቶ ካላመነ አይሠራም፡፡ ስለዚህ፤

1ኛ. ለሁሉ ሣጥን ከማደል ይልቅ፣ በየቀበሌው የገበሬ ማሠልጠኛ አንድ የፀሐይ ሣጥን ተሠርቶ፣ ዋጋው ምን ያህል እንደ ፈጀ በግልጥ ይታይ፡፡

2ኛ. ሥልጠናው ለሴቶች ይሰጥ፤ ምርቱን በቤት የሚጠብቁት እነርሱ ሆነው ሳለ፣ ለወንዶች ብቻ መንገር ዘሩን በድንጋይ ላይ እንደ መዝራት ነው፡፡

3ኛ. የመጀመሪያው ገዢ ይፈለግ፡፡ የትምህርት ቤት ምገባ፣ ሆስፒታልና ማረሚያ ቤት በክረምት ሽንኩርትና ቲማቲም ይገዛሉ፤ ጥራቱ የተመረመረውን የደረቀ ምርት እንዲሞክሩ ቢደረግ ገበሬው ይበረታል፡፡

4ኛ. ጥሬውን በገዛበት ዋጋ፣ በድካሙና በዕቃው ላይ ተሰልቶ የማያተርፍ ከሆነ አይደረቅ፡፡ ማድረቅ የሚገባው የተረፈው እንጂ፣ በደህና ዋጋ የሚሸጠው አይደለም፡፡

የእርሻ ሚኒስቴር ከተመሠረተበት ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ማምረት ብዙ ተመክሯል፤ ይህም የሚቀጥል ነው፡፡ ነገር ግን የበቀለውን ሳይጠብቁ ሌላ ማብቀል በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው፡፡ የተጂ ገበሬ በሚያዝያ ርካሽ የሆነበትን ቲማቲም በነሐሴ ከራሱ ጓዳ አውጥቶ ለልጆቹ ወጥ ቢሠራበት፣ በዚያ ወረዳ የተሾመው ሰው ሥራውን ሠርቷል ማለት ይቻላል፡፡