እጅ የሚያይ ማሽን

በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል በበቆሎ መፈልፈያ ማሽን መተዳደር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ኅዳር ሲጠባ እነሣና በጃቢ ጠህናን ገጠር ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው እዞራለሁ፤ ሒሳቡ በኩንታል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ሮቦት ምን አገባው የሚል ቢኖር ትንሽ ይታገሠኝ።

ማሽኔ ዕውር ነው። አፉ ውስጥ የገባለትን ይፈለፍላል፤ በቆሎም እጅም ለእሱ አንድ ነው። በአባቴ አውድማ እህል ሲወቃ ልጆች ሆነን መሐል ዘው ብንል እንኳ ከፊት የሚዞረው በሬ እግሩን ያዝ ያደርግ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ጥር ላይ፣ የእህቴ ልጅ ማሽኑን በቆሎ ሲያጎርስ የጋቢው ጫፍ በቺንጋው ተያዘ። የቺንጋውን መከለያ ፈትቼ የጣልኩት እኔ ራሴ ነበርኩ፤ ለማጥበቅ እንዲመቸኝ ብዬ። «አጎቴ!» ብሎ ጮኋል አሉ፤ በዚያ የሞተር ጩኸት ማን ይሰማል? ደርሼ ነዳጁን ስዘጋ እንኳ ማሽኑ በያዘው ኃይል መዞሩን አልተወም። ሁለት ጣቱ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሰውና ማሽን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሚሺጋን ውስጥ በአንድ የመኪና ፋብሪካ ሮበርት ዊሊያምስ የተባለ ሠራተኛ ከመደርደሪያ ዕቃ ሊያወርድ ወጥቶ ሳለ የሮቦት ክንድ መትቶ ገደለው። ለብዙ ዘመን መድኃኒቱ አጥር ነበር፤ ሮቦቱን በሽቦ ማጠር፣ ሰውን ማራቅ። ተመራማሪዎች ደግሞ አጥሩ ተነሥቶ ሮቦቱ ራሱ ሰውን እያየ ቢቀዘቅዝ፣ ሲነካም ቢቆም ብለው ተነሡ። ለዚያ ደግሞ ምን ያህል ግፊት እንደሚያሳምም ማወቅ ግድ ነው። ጀርመን ያለው የማይንዝ ዩኒቨርሲቲ 100 ፈቃደኞችን በ29 የሰውነት ቦታ ላይ እየተጫነ ሕመሙ የሚጀምርበትን ልክ መዘገበ፤ ልኩም እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ዓለም አቀፍ የደኅንነት ሰነድ ገባ። ይህን ሳነብ መዳፌን ገልጬ አየሁ። እርፍ ይዞ ያደገ እጅ ነው፣ ቆዳው ደድሯል፣ የሚያመው ዘግይቶ ነው። የእኛን እጅ ማን ለክቶ ያውቃል?

በ2010 ዓ.ም. ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ ስንቱን አስደመመች። በሶፍትዌሯ የአዲስ አበባዎቹ የአይኮግ ላብስ ልጆች እጅ ስላለበት እኔም ኮርቻለሁ። የሰው ፊት አይታ ፈገግ ማለቷ ደስ ይላል፤ እኔን የቸገረኝ ግን ጋቢ አይቶ የሚቆም ማሽን ነው።

ቀላል ነው አላልኩም። አሜሪካዊው ስቲቭ ጋስ የሠራው የእንጨት መጋዝ የሰው ገላ በነካው በ5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይቆማል፤ ካሜራ የለውም፣ ገላችን ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ይበቃዋል። ያንን አምጥቼ በእኔ ማሽን ላይ ብገጥመው አይሆንም። ጋቢ ገላ አይደለም፤ ያልደረቀ ቆሮቆንዳም ገላ ይመስለውና በየደቂቃው ይቆማል፣ ባለ በቆሎውም ያባርረኛል። ካሜራ ቢደረግለት አቧራው ያሳውረዋል። አይቶ ቢያውቅስ፣ ያንን የሚዞር ብረት በምን ፍሬን ይይዘዋል? ለምርምር የሚበቃ ጣጣ ይሄ አይደለም እንዴ?

እንግዲህ ባሕር ዳር ፖሊ ያላችሁ፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የቡሬ ግቢ ያላችሁ፣ የመመረቂያ ርዕስ ያጣችሁ ሁሉ፣ ጥር ላይ ኑ። ማሽኔን ላንድ ቀን ሥራ አስፈትቼ እሰጣችኋለሁ፤ ጠላም አይጠፋም። የሚያጎርሱትን ሰዎች ቁሙና እዩ፤ እጃቸው የት ድረስ እንደሚገባ፣ ሲደክማቸው እንዴት እንደሚያዘነብሉ ለኩ።

የእህቴ ልጅ ዛሬም ያጎርሳል። መከለያውን መልሼ አስሬዋለሁ። ጋቢህን አውልቅ ብለው ግን እሺ አይለኝም፤ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል።