ሰው ስታፈናጥጡ የኋላውን ሞላ አጥብቁ፤ መንገዱን ብቻ አትውቀሱ!

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አርሶ አደሮች!

"ሞተሩ ይችለዋል" የምትሉትን ነገር ዛሬ እንተወው። አህያ ስትጭኑ መደላድሉን ታስተካክላላችሁ፤ ግራና ቀኙን ታመዛዝናላችሁ። እናታችሁን አፈናጣችሁ ከወገዳ፣ ከአርብ ገበያ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ስትመለሱ ግን ሞተሩን ብቻችሁን እንደነዳችሁት ትተዉታላችሁ። ለእህል የሚደረግ ጥንቃቄ ለሰው ይነፈጋል እንዴ?

ሰው ሲጨመር የሞተሩ ኋላ ይሰምጣል፣ ፊቱ ይቀላል። መሪው ይዋልላል፤ ማታ መብራቱ ሽቅብ ያያል፤ ጉድጓድ ላይ አሞርዛተሩ ጥግ ይመታል። ከዚያ "መንገዱ ነው" ይባላል። መንገዱማ መጥፎ ነው፤ ለዚህ እኮ ነው ማስተካከል ያለባችሁ!

በብዙ ሞተሮች የኋላ አሞርዛተር ላይ ደረጃ ያለው ቀለበት አለ። ሞተሩን አቁማችሁ በመፍቻ አንድ ሁለት ደረጃ አጥብቁ። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። የኋላ ጎማውንም መመሪያው ለሁለት ሰው በሚያዘው ልክ ንፋስ ሙሉት። ብቻችሁን ስትሆኑ ሞላውን መልሱት፤ አለበለዚያ ኮረኮንች ላይ ያነጥራችኋል።

"ካጠበቅሁትማ ሦስት እጭናለሁ" የምትሉ ተሳስታችኋል። ማጥበቅ የሰመጠውን ከፍ ያደርጋል እንጂ የሞተሩን አቅም አይጨምርም፤ ፍሬኑም ያው ፍሬን ነው። ዘይት የሚያንጠባጥብ አሞርዛተር ደግሞ በማጥበቅ አይድንም፤ ይቀየር።

የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ሥሩት። ሞተር ላለው ጎረቤታችሁም አጋሩ።