ኩቡን አጥፉልኝ!

ስለ ሪላክሰር ፌሮኤሌክትሪኮች በሚሰጥ ትምህርት ሁሉ አንድ ሥዕል ይቀድማል፤ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። በስምንቱ ማዕዘን እርሳስ፣ በስድስቱ ገጽ መሐል ኦክስጅን፣ እምብርቱ ላይ ማግኒዥየም ወይም ናዮቢየም፤ ሁሉም በልኩ የተቀመጠበት ጽድት ያለ ኩብ። ሪላክሰሩ ሌድ ማግኒዥየም ናዮቤት ማለት ይህ ነው ይሉናል። አይደለም! ይህን ኩብ ክሪስታሉ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ከየት መጣ ታዲያ? ከአማካይ። የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ሹል ነጥቦች የሚነግሩን የእልፍ አእላፍ ሴሎችን አማካይ ብቻ ነው። ከሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ጠግቦ ሌላው ጦሙን ቢያድር፣ በአማካይ ሁለቱም ግማሽ ሆድ በልተዋል እንደማለት ነው። ማግኒዥየም ሁለት፣ ናዮቢየም አምስት ፖዘቲቭ ቻርጅ ተሸክመው፣ አንድ ለሁለት በሆነ ድርሻ ወጥ ተራ ሳይዙ ተበታትነዋል። እርሳሱም አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ከቦታው ይሸሻል። ድምሩ ዜሮ ስለሆነ ማንም አልተነቃነቀም ይባላል?

ምስክሩ ደግሞ ተደብቆ አያውቅም። ያለ ኤሌክትሪክ መስክ እስከ ‑268 ዲግሪ ሴልሺየስ ብታቀዘቅዙት አማካዩ ያው ኩብ ነው። ነገር ግን በርንስና ዳኮል እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳዩት፣ ውስጡ መታመስ የሚጀምረው ገና 350 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዳይኤሌክትሪክ መጠኑ ጣሪያ የሚነካው ግን በ1 ኪሎኸርዝ ‑8 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ያም ሰፊ ጉብታ ነው፣ ድግግሞሹ ሲጨምር ወደ ሙቀቱ ይሸሻል። በሹል ነጥቦቹ ዙሪያም የቢራቢሮ ክንፍ ቅርጽ ያለው ደብዛዛ የተበተነ ጨረር ይታያል። እውነቱ ያለው እዚያ ነው፤ ተማሪው ግን እንደ ቆሻሻ ቀንሶ እንዲጥለው ይማራል!

«ለጀማሪ ማቅለል ነው» የሚሉኝ አሉ። ማቅለል ሌላ፣ መሸፈን ሌላ። የእቃው ጉልበት ያለው በተሸፈነው በኩል ነዋ! ፓርክና ሽራውት እ.ኤ.አ. በ1997 ከሌድ ቲታኔት ጋር የተቀላቀሉ የሪላክሰር ክሪስታሎች በኤሌክትሪክ መስክ ከ1 በመቶ በላይ እንደሚለጠጡ አሳዩ። ዛሬ በተሻሉ የአልትራሳውንድ መመርመሪያዎች ጫፍ ላይ የተቀመጠው ይህ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ተመራማሪዎች ከዚሁ ቅልቅል በተሠራ ሴራሚክ ላይ ሆን ብለው ሳማሪየም ጨምረው ውስጡን ይበልጥ አዘበራረቁት፤ ሴራሚኩም በአንድ ኒውተን ግፊት 1,500 ፒኮኩሎምብ ገደማ ቻርጅ ሰጣቸው። ዝብርቅርቁ ጉድለት ቢሆን ኖሮ ሲጨምሩበት በከፋ ነበር።

መምህራን ሆይ፣ ኩቡን መሣላችሁ ካልቀረ ከሥሩ «አማካይ ነው» ብላችሁ ጻፉ፤ የተበተነውንም ጨረር ከጎኑ አሳዩ። ይህን ማድረግ የከበደው ሰው ግን ስለ ሪላክሰር ባያስተምር ይሻላል።