የእግሬ ጥፋት ምንድን ነው?

ባለፈው ዓመት ለአንድ ጥንድ የብስክሌት ጫማ 480 ሼኬል ከፈልኩ። ይህ ለተማሪ ስንት ሰዓት ሥራ እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ሱቅ ውስጥ ስሞክረው ከፊት በኩል ጨምቆ ያዘኝ። ሻጩ ጎንበስ ብሎ አየና «እግርሽ ከተለመደው ወጣ ያለ ነው፤ ስትለምጂው ይሰፋል» አለኝ። ከዚያ ሊያስደስተኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ አበበ ቢቂላን አነሳና «እናንተማ በባዶ እግርም ታሸንፋላችሁ» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። «ደህና ነው» ብዬ ከፍዬ ወጣሁ።

ደህና አልነበረም። አርባ ደቂቃ ያህል ስነዳ ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ ይደነዝዛሉ። አንድ ሰዓት ሲሞላ ከጣቶቼ ሥር እሳት የተለኮሰ ይመስለኛል። የቤር ሼቫን የበጋ ሙቀት የሚያውቅ ሰው እግር በዚያ ሙቀት ምን ያህል እንደሚያብጥ ያውቃል። ለአራት ወር ያህል ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አመንኩ። ገና ስላልለመድኩ ነው፣ አነዳዴ ትክክል ስላልሆነ ነው፣ ክብደት ጨምሬ ይሆናል እያልኩ ቆየሁ። በሶሻል ወርክ ትምህርት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ደጋግመው የሚነግሩን አንድ ነገር ቢኖር፣ ችግሩን ሰውየው ውስጥ ብቻ አትፈልጉ፣ ያለበትንም ሁኔታ ተመልከቱ የሚል ነው። በዚያ ኮርስ ፈተና 91 አግኝቻለሁ። ጫማ ሱቅ ውስጥ ግን አንዱም ትዝ አላለኝም።

ጫማ የሚሠራው ፎርማ በሚሉት፣ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ በተቀረጸ እግር ላይ ነው። ፋብሪካው የመረጠው ፎርማ ጠባብ ከሆነ ቁጥሩ 38 ይሁን 45 ጫማው ጠባብ ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የአውሮፓ ቁጥር ደግሞ የሚናገረው ስለ ርዝመት ብቻ ነው። ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ጫማው 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ስለ ወርዱ ግን አንድም ቃል የለም። ተራ የሸራ ወይም የቆዳ ጫማ ቢሆን ቀስ በቀስ ለእግራችን ይገራ ነበር። የብስክሌት ጫማ ግን የእግራችን ኃይል እንዳይባክን ተብሎ ሶሉ ከጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ከካርቦን ነው የሚሠራው። የላዩ ትንሽ ቢላላ እንኳ ሶሉ ዓመት ቢነዱበት አይሰፋም። ስለዚህ «ስትለምጂው ይሰፋል» የተባልኩት ነገር ለሌላ ጫማ ቢሠራም ለዚህኛው አይሠራም ነበር።

ብዙዎቻችን የምናውቀው መላ አንድ ቁጥር ጨምሮ መግዛት ነው። እኔም ሞክሬዋለሁ፣ አልመክርም። ርዝመቱ ሲጨምር ወርዱ የሚጨምረው በጣም ጥቂት ነው፤ ተረከዝ ደግሞ ውስጡ ይንሸራተታል። ከሶሉ ሥር የሚታሰረውና ፔዳሉ ላይ የሚቆለፈው ቁራጭም ቦታውን ይስታል፤ እግሩ አሁንም ተጨምቆ፣ ጉልበትም በላዩ ላይ መታመም ይጀምራል።

የሚያናድደኝ መፍትሔው ያለ መሆኑ ነው። ርዝመትንም ወርድንም አንድ ላይ የሚለካ የብረት መለኪያ በ1920ዎቹ ቻርልስ ብራኖክ የሚባል አሜሪካዊ ሠርቷል። መቶ ዓመት ገደማ አልፎ እኔ የገባሁበት ሱቅ የነበረው መለኪያ የሻጩ ዓይን ብቻ ነው። ሰፊ የብስክሌት ጫማም አለ፦ ሺማኖ አንዳንድ ሞዴሎቹን በሰፊ ወርድ ጭምር ይሠራል፣ ሲዲ ሜጋ የሚለው ሰፋ ያለ ዓይነት አለው፣ ሌክም በሰፊ ፎርማዎቹ ይታወቃል። ሱቆች «ጠያቂ የለም» ብለው አያስመጡትም። ጠያቂ ለምን እንደሌለ ግን እናውቃለን፤ እንደ እኔ ያለው ሁሉ «ደህና ነው» ብሎ ከፍሎ ይወጣል። ለሴቶች ደግሞ ይብሳል። የሴት ጫማ የሚባለው ብዙውን ጊዜ በጠበበ ፎርማ ስለሚሠራ፣ እኔ በመጨረሻ የተመቸኝን ያገኘሁት ከወንዶቹ መደርደሪያ ነው።

አንድ ነገር ግን ይስተካከል። ይህን ሳወራ አንዳንድ ጓደኞቼ «አዎ፣ የእኛ ሰው እግር እንዲህ ነው» ይሉኛል። አይደለም። በባዶ እግሩ ያደገ ሰው እግሩ ከፊት ሰፋ፣ ጣቶቹም ዘርዘር እንደሚሉ የታወቀ ነው፤ እናቴ በጎንደር ገጠር ያደገችው እንደዚያ ነው። ወንድሜ ግን የዚችው እናት ልጅ ሆኖ እግሩ እንደ እርሳስ የቀጠነ ነው። ሩሲያዊቷ የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ ከእኔም ትሰፋለች። አበበ ቢቂላም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ እንዳሸነፈ ሁሉ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ አሸንፏል። ሻጩ ይህኛውን አልሰማም መሰለኝ።

ደግሞስ የሚቆለፍ ጫማ ለማን ነው የሚያስፈልገው? አንዳንድ የዓርብ ጠዋት ቡድኖች ያንን ጫማ ያላደረገውን እንደ ጀማሪ ያዩታል። ከቤት ወደ ካምፓስ አራት አምስት ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ተማሪ ግን ጠፍጣፋ ፔዳልና ሶሉ ጠንከር ያለ፣ ለእግሩ የሚበቃ ተራ ጫማ ይበቃዋል። በትርፉ መጽሐፍ ይግዛበት። ረጅም መንገድ የሚወድ ይግዛ፣ ግን ለክቶ ይግዛ።

መለካቱ ቤት ውስጥ ይቻላል። እግር በቀን ስለሚያብጥ ማታ ላይ፣ ወረቀት ላይ ቆማችሁ፣ እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ዙሪያውን ሥሩ፤ ርዝመቱንም ሰፊውንም ቦታ ለኩ። ሁለቱንም እግር፣ እኩል አይሆኑምና። ሱቅ ስትገቡ የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጥታችሁ ቁሙበት። እግራችሁ ከንጣፉ ጠርዝ ከፈሰሰ ሻጩ የሚለውን አትስሙ፣ ጫማው ጠባብ ነው። ገዝታችሁ የጨረሳችሁ ከሆነ ማሰሪያውን ከፊት በኩል ማላላትና የሚቆለፈውን ቁራጭ ትንሽ ወደ ኋላ መሳብ ድንዛዜውን ይቀንሳል።

ሕጉንም እንወቀው። ከሱቅ የተገዛ ጫማ ካልተለበሰ የሚመለሰው በሁለት ቀን ውስጥ ብቻ ነው፤ የዕረፍት ቀናት አይቆጠሩም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ግማሽ ሰዓት አድርጉት እንጂ መንገድ ላይ አትሞክሩት። በኢንተርኔት ወይም በስልክ የተገዛ ግን ከደረሰ በኋላ 14 ቀን አለው። መጥቶ አምስት ዓመት ያልሞላው ዖሌ ሐዳሽ፣ ዕድሜው 65 ያለፈ ሰውና አካል ጉዳተኛ በዚህ ዓይነት ግዢ ከሻጩ ጋር ተነጋግሮ ወይም ተጻጽፎ ከሆነ አራት ወር አለው። ሻጩ ለስረዛው ሊቀንስ የሚችለው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼኬል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ይህን ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ ለጫማ ብቻ አይደለም የሚጠቅማቸው።

ወላጆች ካልኩ አይቀር፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ አባቴ ነው። ስኳር አለበት። የኩፓት ሆሊም ነርስ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ስለነገረችው በሳምንት ሦስት ቀን ማትናስ ሄዶ የቆመውን ብስክሌት ይነዳል። የሚያደርገው ጫማ የወንድሜን አሮጌ ስኒከር ነው፤ የባለ እርሳሱን። አንድ ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ከትንሿ ጣቱ ጎን የቀላ ቦታ አየሁ።

«አባዬ፣ ጫማው ይጠብዎታል?»

«የለም ልጄ፣ ደህና ነው።»

እውነቱን ነው፤ አልተሰማውም። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ እግር ሕመሙን መናገር ያቆማል። ለእኔ የጠበበ ጫማ ድንዛዜና የባከነ 480 ሼኬል ነው። ለእሱ ግን ሳይታይ የሚከፈት፣ ቶሎ የማይድን ቁስል ሊሆን ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩን በየቀኑ ማየት አለበት፤ ካልቻለ እኛ እንየው። የቀላውን ቦታ በማግስቱ ለነርሷ አሳየናት።

ንጣፉን አውጥቼ እንዲቆምበት ጠየቅሁት። በሁለቱም ጎን ፈሰሰ። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየውና «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ላይ ነበር የምሄደው?» አለኝ።

እሑድ ዕለት ወረቀቱን ይዘን ወጣን። መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ሻጩ «ቁጥር ስንት?» ሲል አባቴ የተሣለውን እግር ዘርግቶ አሳየው፤ እኔም «ወርዱን እዩልን» ብዬ በዕብራይስጥ ጨመርኩ። አልነበራቸውም። ሁለተኛውም አልነበረውም። ሦስተኛው ሱቅ ላይ አባቴ ተቀምጦ አንዱን አደረገ፣ ተነሣ፣ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። ደህና ነው አላለም። «ሌላ አምጡ» አለ።