ቫልቩ ከተቀየረ በኋላስ?

ጉሮሮውን የታመመ ልጅ እንጥል ማስቆረጥ በጎጃም ገጠር የቆየ ልማድ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ግን በምላጭ አይወገድም። ሰውነት ይህን ባክቴሪያ ለመመከት የሚያመነጨው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የልብን ቫልቮች ሲያጠቃ የሩማቲክ የልብ ሕመም ይከተላል፤ ቫልቮቹ ይጠባሉ ወይም ደም ወደ ኋላ ያሳልፋሉ።

በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተቋቋመው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። የጠበበ ቫልቭ በፊኛ ይሰፋል፤ የተጎዳው ይጠገናል ወይም ይቀየራል። ሜካኒካል ቫልቭ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ነገር ግን ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት ዕድሜ ልክ መውሰድንና ተደጋጋሚ የደም ምርመራን ይጠይቃል። መጠኑ ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ይፈስሳል። ፅንስንም ሊጎዳ ይችላል። ከእንስሳ ኅብረ ሕዋስ የሚሠራው ቫልቭ ይህ ሁሉ ባይኖርበትም በወጣቶች ላይ ቶሎ ያረጃል፤ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናም ያስከትላል።

እንግዲህ ለቡሬ ገበሬ ልጅ የሚሻለው የትኛው ነው? መልሱ በቀዶ ሐኪሙ ዕውቀት ብቻ የሚወሰን አይመስለኝም። ምርመራውን ፍኖተ ሰላም ላይ በየጊዜው የማታገኝ ከሆነ፣ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተገጠመላት ሜካኒካል ቫልቭ ራሱ አደጋ ይሆንባታል። ስለዚህ የክትትሉ ቦታ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይታቀድ። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌም ቫልቩ ስለተቀየረ አይቋረጥምና፣ በአቅራቢያዋ ካለው ጤና ጣቢያ ሊጠፋ አይገባም።