የተማረ ውሻ፣ ያልተማረ ባለቤት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በወጣቶቻችን ስልክ ላይ ደጋግሜ የማየው አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። እግሩ የረዘመ፣ ወገቡ የቀጠነ ውሻ በእንግሊዝ ወይም በአየርላንድ ሜዳ ላይ ተወርውሮ ጥንቸል ይይዛል። አንዱ ወጣት "ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ቡችላ ባገኝ!" ይላል። ሌላው "ውሻ ነጃሳ አይደል እንዴ? ምኑ ይታያል?" ብሎ ፊቱን ያዞራል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ዋናውን ነገር አላዩትም። የመጀመሪያው ፍጥነቱን ብቻ አየ፤ ሁለተኛው ምራቁን ብቻ አየ። ሸሪዓችን ትልቅ ቦታ የሰጠውን ማስተማርን ግን ሁለቱም አላነሱትም።

ውሻው ሉርቸር ይባላል። ራሱን የቻለ ዘር ሳይሆን ድቅል ነው። አንዱ ወላጁ እንደ ግሬይሃውንድ፣ እንደ ዊፐት ወይም እንደ ዐረቦቹ ሰሉቂ ያለ፣ ታዳኙን በዓይኑ አይቶ በሩጫ የሚደርስበት ነው። ሌላው ብዙ ጊዜ እንደ ኮሊ ያለ የበግ ጠባቂ ወይም ቴሪየር ነው። ፍጥነቱን ከአንዱ፣ መታዘዙንና ብልሃቱን ከሌላው እንዲወርስ ነው የሚዳቀለው። ድሮ ለድሃ ቤተሰብ ድስት ጥንቸል የሚያመጣ ውሻ ነበር። በመዝሀቦቻችን የጥንቸል ሥጋ ሐላል ነው፤ በአገራችን ብዙ ሰው የማይበላው በልማድ ነው።

አሁን ወደ ኪታቡ እንምጣ። በሱረቱል ማኢዳ 4ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) አዳኝ እንስሳት የያዙልንን ፈቀደልን። የፈቀደው ግን የማንኛውንም ውሻ አይደለም፤ እኛ ያስተማርነውን ነው። እኛ ለውሻው የምናስተምረውም አላህ ካሳወቀን እውቀት መሆኑን አንቀጹ ይነግረናል። ኢብኑል ቀዪም (ረሒመሁላህ) ስለ እውቀት ክብር ሲጽፉ ይህንን ማስረጃ አድርገው አንስተውታል። ያልተማረው ውሻ ገድሎ ያመጣው በክት ነው፤ የተማረው ገድሎ ያመጣው ሐላል ነው። ሁለቱም ውሾች ናቸው፣ ጥርሳቸውም አንድ ነው። ልዩነታቸው እውቀት ብቻ ነው።

ታዲያ "የተማረ" ማለት ምን ማለት ነው? ፉቀሃዎች ያስቀመጡት በአጭሩ ሦስት ነገር ነው፦ ሲልኩት ይሄዳል፤ ሲከለክሉት ይቆማል፤ ሲይዝ ለባለቤቱ ይይዛል እንጂ አይበላም። ስንት ጊዜ ሲሳካለት ተማረ እንደሚባል ተነጋግረውበታል። አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ሦስት ጊዜ ሳይበላ ከያዘ ይበቃል ሲሉ፣ ኢማም አቡ ሐኒፋ ጉዳዩን ለአሠልጣኙ ግምት ትተውታል። ሻፊዒዮች ደግሞ ልማድ እንደሆነው እስኪታመን ድረስ ይደጋገም ብለዋል።

የሚገርመው፣ ሉርቸር የሚያሠለጥኑ የእንግሊዝ ገበሬዎች ፊቅህ ሳይቀሩ እነዚሁ ሦስት ነገሮች ላይ ደርሰዋል። ጀማሪ ሰው የሚወድቀውም በእነዚሁ ሦስቱ ነው።

አንደኛው መጠራት ነው። ቡችላው በስምንት ሳምንቱ ገደማ ወደ ቤት ሲመጣ የመጀመሪያ ትምህርቱ አደን አይደለም፤ ስሙን ሰምቶ መምጣት ነው። በመጣ ቁጥር ትንሽ ምግብና ለስላሳ ቃል ያገኛል። ትምህርቱ በቀን ውስጥ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሳይሰለቸው ይቆማል። ጀማሪው ግን ይቸኩላል። የአምስት ወር ቡችላ ይዞ ጥንቸል ሊያሳይ ይወጣል። በዚህ ዕድሜ አጥንቱ ገና አልጠናም፤ ሙሉ ሩጫ መገጣጠሚያውን ሊጎዳው ይችላል። ልምድ ያላቸው አንድ ዓመት ገደማ እስኪሞላው የሚጠብቁት ለዚህ ነው። ከሰውነቱ የበለጠ ደግሞ ጠባዩ ይበላሻል። ጥሪ ሳይሰማ ማባረርን ከቀመሰ በኋላ ፉጨትህ ለእሱ ነፋስ ነው።

ሁለተኛው እስኪላክ መጠበቅ ነው። ታዳኙን እያየ ከጎንህ መቆም ለዚህ ውሻ ከባዱ ፈተና ነው፤ ደሙ ሩጥ ይለዋልና። ስለዚህ በገመድ ይዘው በበጎች መካከል ከልጅነቱ ያመላልሱታል፤ በግ የሚባረር እንዳልሆነ እስኪለምድ። እዚያ አገር በግ የሚያባርር ውሻ የበጉ ባለቤት በሕግ ሊገድለው የሚችልበት ሁኔታ አለ። በእኛ ፊቅህ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይረቃል። ውሻው ሳይላክ በራሱ ሄዶ ከገደለ፣ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ያ ሥጋ አይበላም። ምክንያቱም አዳኙ አንተ ነህ፤ ውሻው መሣሪያህ ነው። ኒያው ያንተ፣ ቢስሚላሁም ያንተ ነው። ባለቤቱን ጥሎ ያመለጠ ውሻ የማን ኒያ ይዞ ሄደ?

ሦስተኛው ማምጣት ነው። ዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ) ስለ ውሻ አደን ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው ያገኙት መልስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ፍሬ ነገሩ ውሻው ከበላለት አትብላ፣ ለራሱ ይዞት ይሆናልና የሚል ነው። ማሊኪዮች በዚህ ላይ ሰፋ ያለ አስተያየት አላቸው፤ የብዙኃኑ አቋም ግን ይኸው ነው። እንግዲህ ቡችላ ማምጣትን የሚማረው በጨርቅ ጥቅል ነው። ትወረውራለህ፤ ያነሳል፤ ይዞልህ ይመጣል። እዚህ ላይ ጀማሪው የሚሠራትን አንዲት ስህተት ልብ በሉ። ቡችላው አንድ ቀን ጥቅሉን ትቶ ጫማህን ነክሶ እየፈነጠዘ ይመጣል። ጀማሪው ጫማውን መንጭቆ በጥፊ ይለዋል። ሰውየው "ጫማ አትንካ" ያለው ይመስለዋል። ቡችላው የሰማው ግን "ይዘህ ስትመጣ ትመታለህ" የሚል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያገኘውን ይዞ ይሸሻል፣ ጥግ ገብቶም ይበላል። ከዓመት በኋላ ሜዳ ላይ ያ ሥጋ የማይበላ ሲሆን ጥፋቱን ውሻው ላይ እንጥላለን። ጥፋቱ ግን የተሠራው ሳሎን ውስጥ ነው።

በትዕግሥት የተማረው ሉርቸር ጥንቸሏን በለስላሳ አፍ ይዞ በሕይወቷ እጅህ ላይ ያኖራታል። ያን ጊዜ ቢላህን አውጥተህ በሥርዓቱ ታርዳለህ። በሕይወት ከተደረሰባት ማረድ ግዴታ ነውና።

እኔ ልጆችን ቁርኣን አቀራለሁ፤ ስለዚህ ይህ ነገር ከውሻ አልፎ ያሳስበኛል። ስህተቱን ይዞ የመጣን ልጅ የመታ ሰው የሚያስተምረው መደበቅን ነው። ለእንስሳ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ለአደም ልጅ እንዴት ይነፈጋል?

"ነጃሳ ነው" ላለው ወንድሜ ደግሞ ልመልስ። በሻፊዒ መዝሀብ ውሻ ነጃሳ ነው፤ ምራቁ የነካው ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር፣ ይታጠባል። ውሻው የነከሰው የሥጋው ቦታም እንዲሁ ይታጠባል። ሐነፊዮች ምራቁን እንጂ ገላውን ነጃሳ አላሉም። ማሊኪዮች ውሻ በራሱ ንጹህ ነው ብለዋል። ያለ ምክንያት ውሻ በቤት ማኖር ምንዳን እንደሚቀንስ በሐዲስ መጥቷል፤ ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ የሚያዘው ከዚያ ወጥቷል። ይህ ሁሉ የመታጠብና የማኖር ሕግ ነው። በድንጋይ የመውገር ፈቃድ ግን ከየት መጣ? የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ወንጀሉ እንደተማረለት የተነገረንስ በእኛው ሐዲስ አይደለም እንዴ?

"ቡችላ ባገኝ" ላለው ወንድሜም የምለው አለኝ። በአገራችን ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው። እንግሊዝ ያላችሁም እወቁ። በ2004 የወጣው የአደን ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ የዱር አጥቢ እንስሳትን በውሻ ማደንን ከልክሏል። ጉድጓድ ቆፍራ የምትኖረው ጥንቸል ከክልከላው የወጣችው የመሬቱ ባለቤት ሲፈቅድ ነው፤ ትልቋ የሜዳ ጥንቸል ግን አልወጣችም። በሰው መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ገብቶ "ቢስሚላህ" ማለት ለእኔ የዲን ሥራ አይመስለኝም። ሳይበሉ ለጨዋታና ለቪዲዮ ብቻ ነፍስ ማጥፋትም እንደዚሁ።

ስለዚህ ለአደንም ይሁን ለግቢ ጥበቃ ቡችላ ከመውሰድህ በፊት ራስህን ሦስት ነገር ጠይቅ። ለአንድ ዓመት ያህል በየቀኑ የማስተምርበት ጊዜ አለኝ? ሲሳሳት እጄን መሰብሰብ እችላለሁ? የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በጊዜው አስከትባለሁ? ይህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያዙት ከውሻ ነው። ከሦስቱ አንዱ መልስ "አይ" ከሆነ ቡችላው ካለበት ይቆይ። ፍጥነቱን አላህ ሰጥቶታል፤ ካንተ የሚጠበቀው ትምህርቱ ነው። እሱን ካልሰጠኸው፣ ያልተማረው ውሻው ሳይሆን አንተ ነህ።

ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።